የአንበሳሜው መምህር በቲያንጂን

ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ከሚባለው ከተማ የተወለደ አንድ መምህር አለ። በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደልና ዳዊት ተማረ፤ ጥቂትም ባሕረ ሐሳብ ቀምሶ እስከ ድቁና ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በመጨረሻው በደብረ ታቦር ከተማ ለወጣቶች የብረት ሥራ የሚያስተምር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር ዕውቀቱን እንዲያሰፋ፣ በቻይና አገር ቲያንጂን ወደምትባለው ከተማ ለሦስት ዓመት ተላከ።

እናቱ ቻይናውያንን ከእሱ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልዲያ የሚዘልቀውን፣ ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ባላገሩም የቻይና መንገድ ይለዋል። እናቱ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩና፣ ወረታ ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ሳሉ ለመንገድ ሠራተኞቹ ዕንቍላል ይሸጡላቸው ነበር። ሰዎቹ ዐማርኛ ስለማያውቁ ዋጋውን በጣታቸው እየቈጠሩ እንደሚገዙ፣ በሰፈራቸው ዙሪያ ጐመን ተክለው ማታ ማታ ውሃ እንደሚያጠጡ፣ ከሥራም በኋላ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ምሥራቅ እንደሚመለከቱ ለልጃቸው ሲነግሩት ኖረዋል። ወደ ምሥራቅ መመልከታቸውን ምናልባት የልጅ ዐይን የጨመረው ይሆናል። ልጃቸውም የሚሄድበት አገር ቻይና መሆኑን በነገራቸው ጊዜ፣ እጃቸውን ከሊጡ ሳያነሡ፦

«እነዚያም የሰው ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን እዚህ ሲኖሩ ቤቱ ጠርቶ ያበላቸው ማንም አልነበረም። አንተን የሚጠራህ ሰው ቢገኝ እንቢ አትበል» አሉት። በጓዙም ውስጥ በሶና ሽሮ በርበሬም አደረጉለት።

የሁለቱ አገሮች ግንኙነት እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያና ቻይና በ1963 ዓ.ም. የመንግሥት ግንኙነት መሠረቱ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋራ ተገናኙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ዛሬ በዚያ አገር ተማሪውም ነጋዴውም ብዙ ነው፤ ነጋዴው የሚያዘወትረው ጓንግዡን ነው። የቲያንጂን ከተማ ደግሞ በእጅ ሙያ ትምህርት ከአዲስ አበባ ጋራ የቈየ ዝምድና ስላላት፣ የብረት ሥራ መምህር ወደዚያ መላኩ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ያን ጊዜ ቻይና ስለ ኮሮና በሽታ በሯን አጥብቃ የምትጠብቅበት ወራት ነበረ። መምህሩ ጓንግዡ በደረሰ ጊዜ በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ለብቻው ተዘግቶ ቀኖቹን ቈጠረ። ምግቡን የሚያመጣለት ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ዐይኑ ብቻ እየታየ፣ በሩ ላይ አኑሮ አንኳኵቶ ይሄድ ነበር። ይህን ለእናቱ በስልክ ቢነግራቸው «ባሕታዊ ሆንክ እኮ!» ብለው ሳቁበት። ከዚያ በወጣ ጊዜ ከ2,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የቲያንጂን ጕዞ በባቡር ተሳፍሮ በአንድ ቀን ጨረሰው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመድረስ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲንገላታ ለኖረ ሰው፣ ይህ ፍጥነት ደስታና ቅናት ባንድ ላይ የሚያመጣ ነበረ።

የባዕድ አገር ኑሮ ከምግብ ይጀምራል። ባሕሉን የሚጠብቅ ክርስቲያን ከዓመቱ እኩሌታ ለሚሆነው ቀን ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል፤ በዚያ አገር ግን የአሳማ ሥጋ ያልነካው ወጥ ማግኘት ብርቱ ነገር ነው፤ አትክልት ብቻ ነው ያሉት ሳህን እንኳ ከሥሩ የተከተፈ ሥጋ ይወጣበታል። ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያው ወር የበላው ከቤቱ የመጣውን በሶ ነበረ። በሶውም አለቀ።

አንድ ቀን ማለዳ ግን ከማደሪያው በር አጠገብ፣ አንዲት ሴት በጋሪ ላይ ክብ ምጣድ አድርጋ ቆማ አያት። ሴትዮዋ ምጣዱን በዘይት አሰሰች፤ ቀጠን ያለ ሊጥ በጭልፋ ቀዳች፤ ከመካከል አፍስሳም በትንሽ እንጨት ዙሪያውን እያዞረች ዘረጋችው፤ ሊጡም ወዲያው ደረቀና ጠርዙ ተነሣ። መምህሩ ሥራው እስኪረፍድበት ድረስ ቆሞ ተመለከተ። አክንባሎ የላትም፤ እርሾም አታደርግበትም፤ ዐይንም አያወጣም፤ ነገር ግን የእጇ አዟዟር የእናቱ እጅ ነበረ። ይህ ምግብ ጂያንቢንግ ይባላል፤ የቲያንጂን ሰዎችም ከከተማቸው ውጭ የሚጋገረውን ጂያንቢንግ አድርገው አይቈጥሩትም። ሊጡ የማሾ ዱቄት ነው። ሴትዮዋ ዕንቍላል ሰብራ ታፈስበታለች፤ ሽንኵርት በትና ቅመም ቀብታ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በመካከሉ አድርጋ ትጠቀልለዋለች።

ዕለቱ ረቡዕ ነበረ። መምህሩ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ዋለና፣ በማግሥቱም ቃሉን ሲያጠና ውሎ፣ አርብ ማለዳ መጥቶ «ቡ ያው ጂዳን» አላት፤ ዕንቍላል አልፈልግም ማለት ነው። ሴትዮዋ አልሰማችም መሰላትና ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞም እምቢ ባለ ጊዜ፣ ገንዘብ ያጠረው መስሏት ዕንቍላሉን በነጻ ልትሰጠው አነሣች! ነገሩን ለማስረዳት ቃል ስላልነበረው፣ እጁን ወደ ሰማይ አመልክቶ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና አርብ ገና ከሩቅ ስታየው ዕንቍላሉን ገለል ታደርግ ጀመር። በሁዳዴም ጊዜ ሃምሳ አምስቱን ቀን ቈጥራ ባትጨርስም፣ ምን ያህል እንደ ቀረው በየማለዳው በጣቷ ትጠይቀው ነበር።

ስለ ሩዝ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። የክፍል ጓደኞቹ አፍሪቃዊ ሁሉ ሩዝ የማያውቅ መስሏቸው አበላሉን ሊያስተምሩት ተነሡ። እሱ ግን የደራና የፎገራ ልጅ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ መዘራት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያስጀመሩትም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ናቸው ይባላል፤ ከዘሮቹም አንዱ ኤክስ ጅግና የሚባለው ስሙን ያገኘው በደራ ካለችው ጅግና ቀበሌ ነው። የባላገሩም እመቤት የሩዙን ዱቄት ከጤፍ ጋራ ቀላቅላ እንጀራ ትጋግረዋለች። መምህሩ ይህን በተናገረ ጊዜ ጓደኞቹ ከሩዝ ዱቄት እንጀራ መጋገሩን ሰምተው ተደነቁ። ቲያንጂንም ሺያውዣን በሚባለው ሩዟ የታወቀች ስለ ሆነች ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ ግን ሳይፈታ ቀረ፤ የፎገራ ሩዝ በዚያ አልነበረምና።

ስለ ሌላው ልማድ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሁሉም ሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ በእኛ አገር ግን ሙቅ ውሃ የሚጠጣው የታመመ ሰው ነው። ገንዘብ በእጅ የሚይዝ የለም፤ በመንገድ ዳር ሽንኵርት የምትሸጠው ባልቴት እንኳ ሥዕል የመሰለ ካርቶን አንጠልጥላ፣ ገዢው ስልኩን አስጠግቶ ይከፍላታል። መምህሩም በወር ውስጥ እንደ እነሱ ሆነ።

የዕረፍት ጊዜ ግን ሰፋ ተደርጎ መነገር ይገባዋል፤ የዚያ ከተማ ሰው ለዕረፍት ያለው ፍቅር ታላቅ ነውና። በከተማይቱ መካከል ሃይኸ የሚባል ወንዝ ያልፋል። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ባልነበረ ጊዜ ብስክሌት ተከራይቶ በወንዙ ዳር ይሄድ ነበር። ሽማግሌዎች ወፎቻቸውን በቀፎ ይዘው ያናፍሳሉ፤ ሌሎቹም ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። የእነሱ ሰንጠረዥ በገበታው መካከል ወንዝ የተሠመረበት ነው፤ ዝሆኑ ከወንዙ ወዲያ አይሻገርም፤ ወታደሩ ግን ተሻግሮ አይመለስም። መምህሩ ይህን ሕግ በሰማ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ከሻይ ቤቶቹም በአንዱ ሁለት ሰዎች ቆመው በቃላት የሚጫወቱትን፣ ሺያንግሸንግ የሚባለውን ጨዋታ ሊያይ ገባ። ሰዉ ሲስቅ እሱ ሳይስቅ ቈየ። አብሮት የነበረው ወጣት መምህር ግን አንዱን ቃል አስረዳው፤ ቃሉ በአፍ አንድ ሆኖ በትርጕም ሁለት ነው፤ አንዱ ላዩ፣ ሁለተኛው ውስጡ። «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው!» አለ መምህሩ፤ የቅኔ ቤት ጓደኞቹ ትዝ አሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላለሰ፤ ከዐሥሩ አንዱን ያህል ቢገባው ለእሱ በቂ ነበረ።

ወደ ቤይጂንግም ሄደ፤ ፈጣኑ ባቡር 120 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ30 ደቂቃ ያደርሳል። ሁዋንግያጓን ወደሚባለው፣ በቲያንጂን ሰሜን በተራራ ላይ ወዳለው ታላቁ ቅጥርም ከክፍል ጓደኞቹ ጋራ ወጣ። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ወጣቶቹ በየዐሥሩ እርምጃ ቆመው ሲተነፍሱ፣ የጉናን አቀበት የለመደው መምህር አስቀድሟቸው ወጥቶ ከላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከዚያም ሆኖ ለእናቱ ምስሉን ላከላቸው። እናቱም «ይህ ሁሉ ካብ ለምን ከብት ነው?» ብለው ጠየቁት።

እንዲህ ባለ ደስታ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በዐማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ በየማታው የእናቱን ፊት በስልክ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የላከው ሁሉ ሳይነበብ ቀረ። በተራው ስልክ ቢደውልም መሥመሩ አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።

በዚያው ክረምት በቲያንጂን ከተማ ታላቅ ጨዋታ ተነሥቶ ነበር። ሽማግሌዎች ከአንድ ድልድይ ላይ ወደ ሃይኸ ወንዝ እየዘለሉ ይዋኙ ነበርና፣ ወሬው በአገሩ ሁሉ ስለ ተሰማ ሊያያቸው የሚመጣው ሰው ድልድዩን ሞላው። ሰባ ዓመት የሚሆነው ሰው ከመዝለሉ በፊት እንደ ተዋናይ ንግግር ያደርጋል፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ጓደኞቹ መምህሩን ጐትተው ወሰዱት። የድልድዩን ስም ቢጠይቅ ሺዚሊን ነው አሉት፤ የአንበሳ ደን ማለት ነው። የአንበሳሜ ሰው በአንበሳ ደን ድልድይ ላይ መቆሙን ለእናቱ ሊነግራቸው ስልኩን አወጣ፤ ቃሉንም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማንም እንደማያነበው ትዝ አለው። ሰዉ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ወደ ማደሪያው ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ብስክሌቱንም ሻይ ቤቱንም ተወ። የአገሩ ሰው በጭንቅ ሳለ በወንዝ ዳር መንሸራሸር ነውር መሰለው። እርግጥ ነው፣ ቤቱ መቀመጡ ለአንበሳሜ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ያለ ሒሳብ አያውቅም። ማለዳ ማለዳ ዳዊቱን ይደግማል፤ እሑድ እሑድም ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ቅዳሴ በስልኩ እያዳመጠ ወደ ምሥራቅ ቆሞ ይጸልያል። አንድ ቀን እንዲህ ቆሞ ሳለ የእናቱ ቻይናውያን ትዝ አሉት።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ መልእክት ላከ። እናቱ እግራቸው አብጦ ታመዋል፤ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው አስበው መንገድ አልተገኘም፤ ከዚህ ሌላ የታወቀ የለም የሚል ነበረ። ከዚያ በኋላ ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥና ጥርም አለፉ፤ ምንም ወሬ አልተሰማም። መምህሩ ትምህርቱን ትቶ ለመመለስ ዐሰበ። ትቶ ቢመለስ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም፤ ባይመለስና እናቱ ቢሞቱ ደግሞ ራሱን ይቅር የሚል አይሆንም። የአውሮፕላኑን ዋጋ ጠየቀ፤ ገንዘቡንም አዘጋጀ። ቍርጡን ከቻይናውያን የዘመን መለወጫ በኋላ ሊያደርግ ወሰነ፤ በዚያ ወራት ሕዝቡ ሁሉ ወደ ትውልድ ቦታው ስለሚጓዝ ትምህርት ቤቱም ጽሕፈት ቤቱም ይዘጋል።

የዚያ ዓመት ዘመን መለወጫቸው የካቲት 2 ቀን ዋለ፤ ዋዜማው የካቲት 1 ቀን አርብ ነበረ። በዋዜማው ሌሊት ቤተ ሰብ ሁሉ ባንድ ገበታ ይሰበሰባል፤ ከበዓላቸው ሁሉ የሚበልጠው ራት ይህ ነው። ተማሪው ሁሉ ሄዶ ማደሪያው ጭር ባለ ጊዜ፣ ያ ወጣት መምህር መጥቶ «ከወላጆቼና ከአያቶቼ ቤት ራት ትበላለህ» አለው። መምህሩ በልቡ አርብ ነው አለ፤ ደግሞም አዝኛለሁና ለሰው ደስታ አልመችም አለ። እንቢ ሊል አፉን በከፈተ ጊዜ ግን የእናቱን ቃል አስታወሰ፤ ያንን ቃል መጣስ ከመሞታቸው ጋራ የተያያዘ መሰለውና «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ።

ቤቱ በአሮጌው ሰፈር በአምስተኛው ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ቤት ነው። በገበታው ላይ ዓሣው ከነራሱ፣ ዶሮው፣ የአሳማውም ሥጋ ተደርድሮ ነበር። ሰባት ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ስምንተኛ ሳህን ያለ ባለቤት ቀርቦ ነበር፤ በደቡብ አገር በሥራ ላይ ሆኖ መምጣት ላልቻለው ልጃቸው ያኖሩለት ነው። መምህሩ ያንን ሳህን አየና ዐይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

አያትየዋ በገዛ እንጨታቸው የዓሣውን ብልት አንሥተው በሳህኑ አደረጉለት፤ ለእንግዳ የሚደረግ ክብር ይህ ነው። መምህሩም ተነሥቶ እጅ ነሥቶ፣ በተሰባበረ ቋንቋ፣ ዛሬ በሃይማኖቱ ሥርዓት ነፍስ ካለበት ነገር የሚበላ እንዳልሆነ ተናገረ። ገበታው ጸጥ አለ። በበዓል ራት ላይ ምግብ መመለስ በእኛም አገር ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። አያትየዋ ለጥቂት ጊዜ አዩት፤ ከዚያም ሳቁና ወደ ማድ ቤት ገቡ። በትልቅ ሳህን ትኵስ ጂያውዚ ይዘው መጡ፤ ይህ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በፈላ ውሃ የሚበስል ምግብ ነው። በሌላው ከተማ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሥጋ ነው፤ የቲያንጂን ሰዎች ግን ከጥንት በወረሱት ልማድ ለአዲሱ ዓመት የጾም ጂያውዚ ያዘጋጃሉ። ውስጡ የበቀለ ማሾ፣ የአኵሪ አተር አይብ፣ ድንብላልና የሰሊጥ ልቍጥ ነው። ዓመቱ ሰላምና ጸጥታ ይሁን ሲሉ ነው ይባላል። ለእኩለ ሌሊት የተቀመጠውን ነበር አያትየዋ ስለ እንግዳቸው አስቀድመው የቀቀሉት።

«እኛ ነገ የምንበላውን አንተ ዛሬ ብላ» አሉት።

ከበላ በኋላ የቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበሩት አያትየው፣ ስለ አገሩ ዘመን አቈጣጠር ጠየቁት። 2016 ነው ባላቸው ጊዜ ስለ ስምንት ዓመቱ ልዩነት ሳቁ፤ «ታዲያ አንተ ከእኛ ይልቅ ወጣት ነህ» አሉ። እሱም በወረቀት ላይ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አወጣላቸው፤ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 18 ቀን። ወንበሩ በየ19 ዓመቱ እንደሚመለስ፣ አበቅቴም በየዓመቱ 11 እየጨመረ ከ30 ሲያልፍ 30 እንደሚገደፍ በነገራቸው ጊዜ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና እርሳሱን ከእጁ ወሰዱ። የእነሱም ወር በጨረቃ ልደት ይጀምራል፤ 12 የጨረቃ ወሮች ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንሱ፣ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ወሮች ይጨምራሉ። ሁለቱ ሰዎች 11ንና 19ን አስምረውባቸው፣ ቋንቋ ሳያስፈልጋቸው ረጅም ጊዜ ጐን ለጐን ተቀመጡ። የኔታ ይህን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር!

ሊሄድ በተነሣ ጊዜ አያትየዋ «እናትህ በሕይወት አሉን?» ብለው ጠየቁት። መምህሩ መልሱን አያውቅም ነበር። አሉ ለማለትም የሉም ለማለትም ስላልቻለ፣ ከኅዳር ወዲህ ድምፃቸውን እንዳልሰማ በልጃቸው ልጅ አፍ አስነገረ። አያትየዋ ምንም አልመለሱም። ዕቃ አምጥተው የተረፈውን የጾም ጂያውዚ ሞሉለት፤ ካፖርቱንም እስከ አንገቱ ድረስ እንደ ሕፃን ቈለፉለት።

የጽሕፈት ቤቶቹ ከበዓሉ በኋላ ተከፈቱ፤ መምህሩ ግን ጉዳዩን ከዛሬ ነገ እያለ ቀኖቹን አሳለፈ። የቻይናውያን በዓል የሚፈጸመው በወሩ 15ኛ ቀን፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት፣ ፋኖስ በየመንገዱ በማብራት ነው። ያ ቀን የካቲት 16 ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። እናቱ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ናቸው። መምህሩ ማለዳ ተነሥቶ ጸለየ። ከምጣድ ባለቤቷ ዘንድ ሄዶ በዓል ስለ ሆነ በዕንቍላል በላ፤ እሷም ቅዳሜ መሆኑን ዐውቃ ኖሮ ሁለት ዕንቍላል ሰበረችበት። በዕለቱ የሚበላውን፣ ከሩዝ ዱቄት ተድበልብሎ ውስጡ ሰሊጥ የተደረገውን ጣፋጭ ጐረቤቶቹ ሰጡት፤ ከሰሊጡ ጋራ የአሳማ ስብ እንደሚገባበት ስለ ነገሩት አመስግኖ አኖረው።

ማታ ፋኖሱ ሲበራ በመስኮት ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የአጎቱ ልጅ የላከው የተቀዳ ድምፅ ነበረ። በአንበሳሜ መሥመር ለጥቂት ሰዓት ስለ ተገኘ፣ አዲስ አበባ ሆኖ እናቱን በተራው ስልክ ደውሎ፣ በሌላ ስልክ ድምፃቸውን ቀድቶታል። መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ጫጫታና የብርጭቆ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቱ፦

«ልጄ፣ እንደ ምን ከረምክ? እኔ ደኅና ነኝ፤ እግሬ እንደ ሆነ ተሽሎኛል፤ በበትር እሄዳለሁ። ከጐረቤት በበቅሎ ወስደውኝ ሐኪም አይቶኛል፤ አንተ ይህን ሰምተህ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ። መጥተህስ ምን ትሠራልኝ፤ ማገርም አታውቅ፣ ሣርም አታውቅ! ዛሬ ማኅበሩ ከእኔ ቤት ነው፤ ጠላው ትንሽ ቀጥኗል ይላሉ፤ ጌሾ ተወዶ ነው። ጤፉ ገብቷል። አሁን መሥመሩ ሊሄድ ነው ይለኛል ይህ ልጅ። ለመሆኑ በዚያ አገር ቤቱ ጠርቶ ያበላህ ሰው ተገኘ?»

ድምፁ እዚህ ላይ ተቈረጠ። መምህሩ ሦስት ጊዜ መልሶ ሰማው፤ በሦስተኛውም ጊዜ «ተገኘ፣ እማዬ» ብሎ ለባዶው ቤት ተናገረ። ከዚያም ካፖርቱን ለብሶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ተከራይቶ፣ በፋኖሱ መካከል ወደ ወንዙ ወረደ።